ዊልቸር ላይ ሆኖ ወደ ሥራ መመለስ፦ ቁስለትን እንዴት እንከላከል?

ጥያቄ፦ ከወገብ በታች ስሜት የሌለው ሰው ቢሮ 8 ሰዓት ሲቀመጥ መቀመጫው እንዳይቆስል ምን ያድርግ? ትራሱ የአየር ነው።

መልስ 1፦ በየ15–30 ደቂቃው ጫናውን ማንሳት ግድ ነው። ብዙዎች በእጃቸው ተደግፈው ብድግ ይላሉ፤ እኔ አልመክርም። ትከሻ ይጨርሳል፣ ደም በደንብ እስኪመለስ 2 ደቂቃ ያህል መቆየትም አይቻልም። ፍሬን ይዞ ደረትን ወደ ጉልበት ማጎንበስ ይሻላል። ስልክ ላይ ማስታወሻ ይሙሉ፣ ሥራ ያስረሳል።

መልስ 2፦ ትራሱን ይፈትሹ። ሰውየው ተቀምጦ እጅዎን ከመቀመጫ አጥንቱ ሥር ያስገቡ፤ በአጥንቱና በትራሱ ታችኛ ወለል መካከል 1.5–2.5 ሴ.ሜ ክፍተት ይኑር። አየር ሲበዛም ችግር ነው፣ ሰውነቱ ሳይሰምጥ ጫናው አጥንቱ ላይ ይከማቻል። የኋላ ኪስ ያለው ጂንስ ይቅር፣ ስፌቱ ይቆርጣል። ጠዋትና ማታ የመቀመጫው ቆዳ በመስታወት ይታይ፤ ቅላቱ በ30 ደቂቃ ካልጠፋ እስኪለቅ ድረስ አይቀመጥበት። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ስለሚችል ሙቀትና ጥንካሬውን በእጅ ይዳስሱ።

መልስ 3፦ ሽንት ቤት ላለመመላለስ ብሎ ውኃ እንዳይቀንስ። ካቴተር (ሽንት ማስወጫ ቀጭን ቱቦ) በየ4–6 ሰዓቱ ያስገባ፤ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ከወጣ ሰዓቱን ያጥብብ። የአከርካሪው ጉዳት ቲ6 (ስድስተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የሥራ ባልደረቦቹ ይህን ይወቁ፦ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታትና ላብ ከመጣ ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ ቀበቶውን ያላሉ፣ ፊኛው ይፈተሽ። ካልተሻለው ቶሎ ድንገተኛ ክፍል፤ የደም ግፊቱ አደገኛ ደረጃ ይደርሳል።