የጀልባዬ ሞተር ዘይት መቀየር ፈተና ሆኖብኛል፤ መላ ያላችሁ?

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባህር ዳር ነው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው የማመላልስባት የብረት ጀልባ አለችኝ። ሞተሯ እንደ ብዙዎቹ ከኋላ የሚንጠለጠል አይደለም፤ ከወለሉ ስር የተቀመጠ ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ነው። 8 ሊትር ዘይት ይይዛል።

ችግሬ ዘይት ሲቀየር ነው። የማፍሰሻው ቡሎን ያለው ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ስር ነው። በኮፓውና በጀልባዋ ሆድ መካከል ያለው ክፍተት አራት ጣት አይሞላም። ትሪ ገፍቼ አስገባለሁ፣ ሲሞላ ግን ሳይደፋ አይወጣም። ባለፈው ግማሹ እዚያው ፈሰሰና ሁለት ቀን በጨርቅ ስጠርግ ዋልኩ። እስካሁን ተሳፋሪ ገባ ሲል "ምንድን ነው የሚሸተው?" ይለኛል። ፊልትሮውም (የዘይት ማጣሪያው) ወደ ጎን የተጋደመ ስለሆነ ሲፈታ ዲናሞው ላይ ይደፋል። በየጊዜው ሞተሩን ከቦታው ነቅዬ አላወጣ ነገር! እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሌክ ዩኒየን

ሰላም ወንድሜ። እኔ ሲያትል ውስጥ ጀልባ የሚጠገንበት ቦታ እሠራለሁ። መጀመሪያ ያንን ቡሎን እርሳው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሞተር ከስር የሚፈታ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዘይቱ የሚወጣው ከላይ ነው፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ።

ሞተሩን አስነስተሽ (ይቅርታ፣ አስነስተህ) ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሥራ። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ቆሻሻውም አብሮ ይንሳፈፋል። ሞተሩን አጥፋና አምስት ደቂቃ ጠብቅ። መለኪያውን አውጣና በቀዳዳው ቀጭን ቱቦ ስደድ። ለብዙዎቹ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ይገባል። ታች ሲነካ እጅህ ላይ ይታወቅሃል፤ ከዚያ ትንሽ ብቻ ሳብ አድርገው፣ አለዚያ የኮፓው ወለል ላይ ይጣበቅና አይስብም። የቱቦው ሌላ ጫፍ ከእጅ ፓምፕ ጋር የተገጠመ ዝግ ጋን ውስጥ ይገባል። ፓምፑን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ስትገፋ ጋኑ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ይስባል። ቁጭ ብለህ ቡና መጠጣት ትችላለህ።

ቱቦው ሙቀት የሚችል ይሁን። ተራ የፕላስቲክ ቱቦ ሙቅ ዘይት ውስጥ እንደ ማካሮኒ ይለሰልሳል።

ጫሞ

እኛ ጫሞ ላይ ጀልባዎቻችን ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ስለሆነ ይህ ጣጣ የለብንም። ግን ለሎጁ ጄኔሬተር በትራፓኖ የምትዞር ትንሽ ፓምፕ ገዝቼ ሞክሬ ነበር። ዘይቱ ትኩስ ሲሆን ትሠራለች፣ ቀዝቀዝ ካለ ትቃጠላለች። ሁለተኛው ቀን ላይ ጭስ ብቻ ቀረኝ። ርካሽ ናት ብለህ እንዳትሸወድ።

የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ ሲያትል ያለችው እህታችን ያለችው ትክክል ነው። ግን ያ ጋን እዚህ ካልተገኘ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥም። እኔ የሠራሁት ከተጣለ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር ነው። የኮምፕሬሰሩ መሳቢያ ቱቦ ወደ ዝግ ዕቃ ይገባል፣ ከዕቃው ሌላ ቱቦ ወደ ሞተሩ። ዘይቱ ዕቃው ውስጥ ይቀራል፤ ወደ ኮምፕሬሰሩ ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ስለዚህ የኮምፕሬሰሩ ቱቦ ከዕቃው አናት፣ የዘይቱ ቱቦ ደግሞ ወደ ታች ወረድ ብሎ ይሁን፤ ዕቃውም ግማሽ ሲሞላ አቁም።

መጀመሪያ የሞከርኩት በ20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነበር። ኮምፕሬሰሩ እንደተነሳ ጀሪካኑ "ጧ!" ብሎ እንደ ወረቀት ተጨማደደ። ልጆቹ ወር ሙሉ ሳቁብኝ። ወፍራም የብረት ዕቃ ነው የሚያስፈልገው፣ በደንብ የተበየደ። ቤንዚን ወይም ጋዝ የነበረበትን ዕቃ ግን እንዳትነካ፣ አንተንም ይዞህ ይሄዳል። መብራትም ያስፈልግሃልና ጀልባዋ ወደብ ላይ ስትታሰር ብቻ ነው የሚሆነው፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ውሃ አይንካ።

ሐይፋ

ሰላም ከሐይፋ። እዚህ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ላይ የማየው ሌላ መንገድ ነው። ያንን ክፉ ቡሎን ለመጨረሻ ጊዜ ትፈታዋለህ። በቦታው ወፍራም የኢድራውሊክ ቱቦ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ ከሞተሩ ጎን ወደ ላይ ወጥቶ በብረት ክዳን ይዘጋል። ዘይት ስትቀይር ክዳኑን ከፍተህ ፓምፕህን እዚያ ትሰካለህ። መለኪያው ቀዳዳ አንዳንዴ ወደ ጥልቁ ቦታ አይደርስም፣ ይሄ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያወጣል። ለሎደርና ለከባድ መኪና ቱቦ የሚጨምቁ ሱቆች ይሠሩልሃል። አሮጌውን ቡሎን ለናሙና ይዘህ ሂድ፣ ጥርሱ ካልገጠመ ኮፓውን ያበላሻል።

የድሮ መካኒክ

ይሄን እኔ ለተሳፋሪ ጀልባ አልወደውም። ቱቦው ከጀልባዋ አካል ጋር እየተፋተገ አንድ ቀን ሐይቁ መካከል ቢቀደድ 8 ሊትሩ በደቂቃ ሄደ ማለት ነው። ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)፣ አንተ ደግሞ ሰው ይዘህ ማዕበል ላይ።

ሐይፋ

ጋሼ ስጋትዎ ትክክል ነው። ለዚህ ነው የውሃ ቱቦ ሳይሆን ኢድራውሊክ ያልኩት። ጫፉ ከዘይቱ ከፍታ በላይ ይታሰር፣ ያኔ ክዳኑ ቢላላ እንኳ አይፈስም። ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ ብረት በሚነካበት ሁሉ ጎማ ይልበስ። በክዳኑ ፈንታ የሚከፈትና የሚዘጋ ቧንቧ ብቻ አድርገው የሚተዉ አሉ፣ እሱን እኔም አልስማማበትም፤ የሞተር ንዝረት ቧንቧ ይከፍታል።

ሌክ ዩኒየን

ጀማሪ በመለኪያው ቀዳዳ ይጀምር እላለሁ፤ ምንም የሚፈታ ነገር የለውም።

ስለ ፊልትሮው ልመለስ። ከመፍታትህ በፊት አናቱ ላይ፣ ማለትም ከፍ ብሎ በሚታየው ጎን፣ በሚስማር አንድ ቀዳዳ ብሳ። አየር ይገባና ውስጡ ካለው ዘይት የተወሰነው ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ይህን የምታደርገው ዘይቱን ከኮፓው ከመሳብህ በፊት ነው። ከዚያ ወፍራም ፌስታል ሙሉ በሙሉ አልብሰውና በፌስታሉ ላይ እጅህን አድርገህ ፍታው። የሚንጠባጠበው ሁሉ ፌስታሉ ውስጥ ይቀራል። ከስሩ የሕፃን ዳይፐር አንጥፍ። አትሳቁ፣ ከጨርቅ ይሻላል! አሮጌው ጓርኒሲዮን (የፊልትሮው የጎማ ቀለበት) ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣትህ ዳስስ። ሁለት ጓርኒሲዮን ተደራርቦ ሲቀር ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱን ይተፋዋል።

የድሮ መካኒክ

እጅ የማይፈታው ከሆነ አሮጌ ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጠህ ፊልትሮው ላይ ጠምጥም፣ አይንሸራተትም። አዲሱን ስታስር ግን በእጅ ብቻ። ጓርኒሲዮኑ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃል።

ጫሞ

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ከጀልባዋ ሆድ ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ አውቶማቲክ ከሆነ መጀመሪያ አጥፋው። አለዚያ የፈሰሰውን ዘይት አንተ ሳታይ ሐይቁ ውስጥ ይተፋዋል። ሳሙና ጨምሮ ማጠብም መፍትሔ አይደለም፣ ዘይቱ ተበትኖ ዓይን ላይ ባይታይም ውሃው ውስጥ አለ።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ አውቶማቲክ ናት፣ ያን ቀን ለካ ጣና ላይ ቀስተ ደመና የሠራሁት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ቅዳሜ ሞከርኩት። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የእጅ ፓምፕ ያለው ጋን ላከልኝ። 12 ደቂቃ አስነሳሁ፣ ቱቦውን ሰደድኩ። መጀመሪያ አረፋ ብቻ። ቱቦውን ሁለት ጣት ያህል ሳብ ሳደርገው ጥቁሩ እንደ ወጥ መጣ። ሲያልቅ ጋኑ ላይ ያለው ምልክት 7 ሊትር ከትንሽ ነው። ከግማሽ ሊትር በላይ ቀርቷል ማለት ነው። ይጎዳል? ደግሞ አዲሱን 8 ሊትር ልሙላ ወይስ በወጣው ልክ?

የድሮ መካኒክ

አይጎዳም፣ የቀረው ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል፤ ብቻ የሚቀጥለውን ጊዜ አታርዝም። የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ በስንት የሥራ ሰዓት ይቀየር ይላል? ብዙዎቹ ከ100 እስከ 250 ነው።

8 ሊትር እንዳትሞላ! በመጀመሪያ 6 ተኩል ጨምር፣ ከዚያ በመለኪያው እያየህ አስተካክል። ሞተሩን አስነስተህ አጥፋ፣ አዲሱ ፊልትሮ ስለሚጠጣ ይወርዳል፣ እንደገና ጨምር። ጀልባዋ ስትለካ ባዶ ትሁን፣ ኋላዋ ላይ ሰው ከቆመ ሞተሩ ያዘነብልና መለኪያው ይዋሻል። የወጣውን ዘይት ቀለም አየህ? ወተት የመሰለ ነገር ካለበት ውሃ ገብቷልና አታስነሳ።

ጣና ዳር (ጠያቂ)

ጥቁር ነው ጋሼ፣ ወተት የለውም። እንዳሉኝ አደረግሁ፣ መለኪያው ላይ ላይኛው ምልክት ጋ ነው። ፊልትሮው በፌስታል ወጣ፣ ዲናሞው ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። የተቃጠለውን ዘይት ጀሪካን ሞልቼ ዘግቼ ይዣለሁ። ጎረቤቴ ለአጥር እንጨቱ ምስጥ ይከላከልልኛል ብሎ ጠየቀኝ። ልስጠው?

ጫሞ

ከሐይቁ ራቅ ያለ አጥር ከሆነ። ከውሃው ዳር ያለ አጥር ላይ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጣና ነው የሚመለሰው። ዘይት የሚሸጥልህን ሱቅ ጠይቅ፣ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስቡ ያውቁ ይሆናል።