የጌም ኮንሶል «ትውልድ» የሚለየው በምንድን ነው?

የቪዲዮ ጌም ኮንሶሎችን (የጌም ማጫወቻ መሣሪያዎችን) ታሪክ በትውልድ ከፋፍዬ በአንድ ሠንጠረዥ ለማስፈር ስሠራ ሰንብቼ፣ አንዱን ትውልድ ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ መወሰን ስላቃተኝ ሥራው ቆሞብኛልና እርዳታችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ የያዝኩት መለያ የፕሮሰሰር አቅም ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1987 በጃፓን የወጣው ፒሲ ኢንጂን፣ ፕሮሰሰሩ ባለ 8 ቢት (ቢት ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) ሆኖ ሳለ፣ ባለ 16 ቢቶቹ ካሉበት ከአራተኛው ትውልድ ይመደባል። ከሁሉ ያስቸገረኝ ዊ የተባለው የኒንቴንዶ ኩባንያ ኮንሶል ነው፤ የውስጥ አካሉ ከቀዳሚው ከጌምኪዩብ እምብዛም ሳይርቅ፣ የእጅን እንቅስቃሴ የሚከተል መቆጣጠሪያ ይዞ በ2006 ወጣና ከፕሌይስቴሽን 3 ጎን በሰባተኛው ትውልድ ተቀመጠ። በአንጻሩ በ2016 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ የግራፊክስ አቅሙ ከመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 ከእጥፍ በላይ ቢሆንም፣ የሚያጫውተው ያንኑ ጌም ስለሆነ እንደ አዲስ ትውልድ አልተቆጠረም፤ ይህ እንኳ ትክክል ይመስለኛል።

ታዲያ መለያው የወጣበት ዘመን ነው፣ ወይስ አምራቹ የቀድሞውን ኮንሶል በአዲስ መተካቱ? መተካቱ ከሆነ፣ በ2017 ዊ ዩ የተባለውን የኒንቴንዶ ኮንሶል የተካው ስዊች ከተተካው ኮንሶል ጋር በስምንተኛው ትውልድ መቆጠሩን እንዴት ላስረዳ? በጉዳዩ ላይ የሠራችሁ ሰዎች የምትከተሉትን መለያ ከነምክንያቱ ብትነግሩኝ ሠንጠረዡን እንደገና ልጀምረው ዝግጁ ነኝ።