ብረት ይሰምጣል፤ የብረት መርከብ ለምን ይንሳፈፋል?

ጥያቄ፦ የሳይንስ መምህር
ተማሪዎችን ይህን ስትጠይቋቸው አብዛኞቹ «ውስጡ አየር ስላለ ነው» ይላሉ። መልሱ ከፊል እውነት ቢኖረውም ምክንያቱን አያስረዳም። በወረቀት ላይ የሚሰላ ምሳሌና ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ ያላችሁ ብታካፍሉን።

መልስ፦ ላሜራ
መምህር፣ አየሩ መርከቡን ሽቅብ አይጎትትም። ሥራው ውሃ ሊገባበት የሚችለውን ቦታ መያዝ ነው። የሚገፋው ውሃው ነው፤ የግፊቱም መጠን መርከቡ ካስለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው (የአርኪሜዲስ ሕግ)። 1 ሜትር ኩብ ድፍን ብረት 7,850 ኪሎ ይመዝናል፣ የሚያስለቅቀው ግን 1,000 ኪሎ ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ ይሰምጣል።

አሁን ብረቱን ከላይ ክፍት የሆነ ሳጥን እናድርገው፦ ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 4፣ ቁመቱ 2 ሜትር፣ የላሜራው ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር። ወለሉ 40፣ ግድግዳዎቹ 56፣ በጠቅላላው 96 ካሬ ሜትር። በ0.008 ሲባዛ 0.768 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 6 ቶን ያህል ብረት ነው። ወለሉ 40 ካሬ ሜትር ስለሆነ ሳጥኑ 1 ሴንቲ ሜትር በጠለቀ ቁጥር 400 ኪሎ ውሃ ያስለቅቃል። ባዶውን 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጠልቆ ይቆማል፤ 34 ቶን ሲጫንበት 1 ሜትር ይጠልቃል። አንዱ ሜትር ኩብ 1,025 ኪሎ በሚመዝን የባሕር ውሃ ላይ ግን ያው ጭነት 97.6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያጠልቀዋል። በመርከቦች ጎን ላይ ለጨው አልባ ውሃና ለባሕር የተለያየ የጭነት መስመር የሚሰመረው ለዚህ ነው።

መልስ፦ ቤተ ሙከራ
ለክፍል፦ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የአሉሚኒየም ፎይሎች ይውሰዱ። የአንዱን ዳር በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ አጥፈው ጀልባ ያድርጉት፤ ይዘቱ 14×14×3፣ 588 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በስሌት ከ580 ግራም በላይ አሸዋ መሸከም አለበት። በተግባር ግን ፎይሉ ስለሚለምጥና ጀልባው ስለሚያዘነብል ቀድሞ ይሰምጣል፤ አሸዋውን መሐል ላይ ሳይከምሩ እኩል ያሰራጩት። ሁለተኛውን እየደጋገሙ አጥፈው በፒንሳ አጥብቀው ይጫኑት፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሰምጣል። እንዲሁ ከተጨማደደ በውስጡ አየር ስለሚቀር ይንሳፈፋል፣ ሙከራውም ይበላሻል።

የሳይንስ መምህር
አመሰግናለሁ። ጀልባው ሳይሞላ የሚገለበጠውስ?

መልስ፦ ላሜራ
ዋናው ነገር እሱ ነው! መንሳፈፍ ብቻውን አይበቃም። መርከብ ሲያዘነብል ውሃ ውስጥ ያለው ክፍል ቅርጹ ይለወጣል፤ የውሃው ግፊት ወደ ዘመመው ጎን ተሻግሮ መልሶ ያቀናዋል። ጭነቱ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግን ክብደቱ ግፊቱን አልፎ ወደ ውጭ ስለሚወድቅ ይብሱን ይገለብጠዋል። የስዊድኗ የጦር መርከብ ቫሳ በ1628 በአውሮፓ አቆጣጠር ስቶክሆልም ወደብ ውስጥ፣ በመጀመሪያ ጉዞዋ የሰጠመችው ላይዋ ከብዶ፣ ከታች የተጫነው ማመዛዘኛ ድንጋይ ስላነሰ ነው። ነፋስ ሲያዘነብላት በተከፈቱት የታችኛው ወለል የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገባ።

ወለሉ ላይ እንደ ልቡ የሚዋልል ውሃም አደገኛ ነው፤ መርከቡ ባዘነበለበት በኩል እየሮጠ ክብደት ይጨምራል። ገንዳውን በርዝመቱ መሐል ለመሐል በአንድ ግድግዳ ብትከፍሉት ይህ ጉዳት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚያድገው በወርዱ ሦስተኛ ርቢ ነው፦ ወርዱ ሲጋመስ የእያንዳንዱ ክፍል ጉዳት አንድ ስምንተኛ፣ የሁለቱ ድምር ሩብ ይሆናል። ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ታንካቸውን የሚከፋፍሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።