የሰፈራችን ክለብ ክረምት ሲያልፍ ይበተናል፣ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን። አዲስ አበባ ነን፣ የአረጋውያን ቤት የሚያድስ የወጣቶች ክለብ አለን። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ የሚያቀብለው፣ ጭቃ የሚመርገው ልጅ ብዛቱ ደስ ይላል፣ መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲጀመር ግን ሁሉም ብትን፣ መዋጮውም ቀጥ። ዓመቱን ሙሉ እንዴት ነው የሚቆየው?

መልስ፦ ደም ልገሳ ጀምሩ። ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መስጠት ስለሚችል በዓመት 4 ጊዜ የምትገናኙበት ቋሚ ቀን አገኛችሁ ማለት ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ደም ባንክን ቀድማችሁ አናግሩ ብቻ፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ደግሞ ቅስቀሳውን ይያዙ።

መልስ፦ እኔ የምለው መዋጮው የሚቆመው ሂሳቡ ስለማይታይ ነው። እኛ ጋ ግማሽ ኪሎ ሚስማር እንኳ ቢገዛ ደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለጠፋል፣ ከባንክም ያለ 2 ሰው ፊርማ ብር አይወጣም፣ ከዛ ወዲህ ነው ሰው ሳይለመን በቴሌብር መላክ የጀመረው። ደሞ እድሩን ያዙ በናታችሁ! ድንኳኑም ወንበሩም እነሱ ጋ ነው፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስም ከማንም በላይ ያውቃሉ። አንድ የእድር ዳኛ ስብሰባችሁ ላይ ከተቀመጡ ወላጅ ልጁን አይከለክልም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ የእድሩን ነገር አላሰብነውም ነበር። ለመመዝገብስ ስንት ሰው ያስፈልጋል?

መልስ፦ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ማህበር ለመመስረት 5 አባል ይበቃል፣ ግን መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንባችሁን ጻፉ፣ በተለይ ገንዘብ ያዥ በየስንት ጊዜው እንደሚቀየር።