ቲነር የፊት መብራቴን አነጣብኝ፤ ነገ ማታ ከሐረር መመለስ አለብኝ

ገንደ ቆሬ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ። ሁለቱም የፊት መብራቶቼ ቢጫ ሆነው ነበር። ዛሬ ከሰዓት ግራውን በቲነር ጠረግኩት። መጀመሪያ ጥርት አለ፣ ደስ አለኝ። ሲደርቅ ግን እንደ ወተት ነጣ። የጨርቁ ክርም ተጣብቆ ቀርቷል። ነገ የወንድሜ ምላሽ ሐረር ነው። እናቴንና አክስቶቼን ጭኜ ማታ የምመልሳቸው እኔ ነኝ። ነጩን የሚያስለቅቅ ምን ኬሚካል አለ? ሱቅ ሳይዘጋ ንገሩኝ።

ነምበር ዋን፦ ኮልጌት። በጨርቅ አሽተሽ እጠቢው። አለቀ።

መልካ ጀብዱ፦ ምን መኪና ነው? ንጣቱ ከውጭ ነው ከውስጥ? ይሄን ሳናውቅ ምን እንበልሽ?

ገንደ ቆሬ፦ ይቅርታ፣ ቪትዝ ነው፣ የ2003። ከውጭ ነው መሰለኝ።

ጀጎል በር፦ እህቴ፣ ኬሚካል መፈለጉን ተዪው። ያ ቢጫ ቆሻሻ አልነበረም። የመብራትሽ ሽፋን መስታወት አይደለም፣ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ጠጠር ቢመታው በቀላሉ አይሰበርም። የማይችለው ፀሐይን ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካው ስስ መከላከያ የሚቀባው። አልትራቫዮሌት ጨረር ያንን መከላከያ ዓመት ከዓመት ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ ፕላስቲኩ ራሱ ይቃጠላል። ቢጫው የተቃጠለ ቆዳ ነው ማለት ነው። ቲነር ደግሞ የፕላስቲኩን ፊት ያሟሟዋል። የጠራ የመሰለሽ እርጥብ ስለነበረ ነው። እኛ ሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎቻችንን እዪ። ፈረንሳይ ያን መኪና መሥራት የጀመረችው በ1960 ነው። መብራታቸው መስታወት ስለሆነ እስከ ዛሬ ቢጫ አይሉም። አሜሪካም እስከ 1983 ድረስ መብራቱ ሙሉውን እንደ አንድ አምፖል የታሸገ እንዲሆን በሕግ ታስገድድ ነበር። ፕላስቲኩ የበዛው ከዚያ ወዲህ ነው።

ነምበር ዋን፦ አቦ፣ ሱቅ ሊዘጋ ነው እያለችህ አንተ አሜሪካ ገባህ። ኮልጌት አልኩሽ።

ለገሃሬ፦ እኔ በሽፋኑ አልስማማም። ቪትዝ ድሮም መብራቱ ደካማ ነው። አምፖሉን 100 ዋት አድርጊውና የሐረር መንገዱን የደንገጎ ቁልቁለት ቀን ታስመስይዋለሽ። ሽፋኑን ለምን ትነካኪዋለሽ?

ባትላሜራ ሳቢያን፦ ወንድሜ፣ ይሄን ምክር እባክህ አንሳው። የዚያ ዓይነት አምፖል መደበኛው 60/55 ዋት ነው፤ ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55። ሶኬቱም ሽቦውም የተለካው ለዚያ ነው። 100 ስታስገባ ሶኬቱ ይቀልጣል። ሶኬታቸው የከሰለ መኪኖች እጄ ላይ መጥተዋል። ደግሞ ሽፋኑ ደብዛዛ ሆኖ ሳለ ብርሃን ብትጨምር ብርሃኑ መንገድ ላይ አያርፍም፤ ይበተናል። ከፊት የሚመጣውን የአይሱዙ ሹፌር ዓይን ታጠፋበታለህ። ያውም ደንገጎ ኩርባ ላይ።

ለገሃሬ፦ እሺ፣ 100 ይቅር። ግን አምፖሏም ያረጀ ሊሆን ይችላል። ያረጀ አምፖል ብርጭቆው ውስጡ ይጠቁራል። አውጥታ ትየው።

ባትላሜራ ሳቢያን፦ እሱ ልክ ነው።

መልካ ጀብዱ፦ ገንደ ቆሬ፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት ሽፋኑ ላይ ውሃ አፍስሺና እርጥብ እያለ እዪው። ውሃው ሲነካው ከጠራ ጉዳቱ ላይ ላዩን ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ውሃ እያለበትም ከነጣ ወይ ከውስጥ ነው ወይ ፕላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ስንጥቅ ካየሽ ማሸት አያድነውም።

ሰብለ ከዚራ፦ እኔ የትንኝ መከላከያ ቅባት ቀብቼ በደቂቃ ነው የጠራልኝ። ድሬ ሰው ቤት የትንኝ ቅባት አይጠፋም።

ባትላሜራ ሳቢያን፦ ሰብለ፣ እሱም እንደ ቲነሩ ፕላስቲክ የሚያሟሟ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ካየሽው ብሶበት ታገኚዋለሽ። ለእሷ ደግሞ በተቃጠለው ላይ ሁለተኛ ማቃጠል ነው።

ገንደ ቆሬ፦ ውሃ አፈሰስኩ! ቀኙ ሙሉ በሙሉ ጠራ። ግራው ከዳር ትንሽ ነጭ ቀርቷል፣ መሃሉ ግን ጠርቷል። አሁን ምን ልግዛ?

ነምበር ዋን፦ ኮልጌት።

ባትላሜራ ሳቢያን፦ ጎሽ፣ ይድናል። ቀለም መሸጫ ሂጂና በውሃ የሚሠራውን ብርጭቆ ወረቀት 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 በይ። 3000 ካለ ጨምሪ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይረቅቃል። አንዳንድ ሉክ ይበቃል። ኮምፓውንድ የሚባለውን የመኪና መወልወያ ቅባት አንድ ትንሽ ቆርቆሮና የቀለም ፕላስተርም ያዢ።

መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሚ። መብራቱን በሳሙና እጠቢ፤ አሸዋ ከቀረ ይቧጭርሻል። ዙሪያውን ኮፈኑንና ፓራውርቱን በፕላስተር ሸፍኚ፣ አለዚያ ቀለሙን ትልጪዋለሽ። ግራውን በ800 ጀምሪ፣ ቀኙን በ1000። ወረቀቱም መብራቱም ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። መጀመሪያ ወደ ጎን እሺው። ቁጥር ስትቀይሪ ደግሞ ከላይ ወደ ታች፣ የበፊቱ ጭረት እስኪጠፋ። መጀመሪያ ቢጫ ውሃ ይወርዳል። ነጭ ብቻ መውረድ ሲጀምር የተቃጠለው ቆዳ ለቋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ እንዳትደነግጪ። መብራቱ ሁለመናው ጭጋግ ይመስላል። ብዙ ሰው አበላሸሁት ብሎ የሚያቆመው እዚህ ጋ ነው። ከ2000 በኋላ በኮምፓውንድና በንጹህ ጨርቅ እያንዳንዱን ሃያ ደቂቃ እሺው። ክንድሽ ይዝላል፣ ግን ይጠራል። ኮልጌትም ቢሆን የሚሠራው ውስጡ ደቃቅ መፋቂያ ስላለው ነው። ለቀላል ድብዘዛ ትንሽ ጊዜ ይረዳል፤ ቲነር የበላውን ግን አይችለውም።

የሚቀረው መከላከያው ነው። የፋብሪካውን ልጠሽ ስላወጣሽው አሁን ፕላስቲኩ ራቁቱን ነው። እንዲሁ ከተውሽው በድሬ ፀሐይ በጥቂት ወር ይመለሳል። ለነገው የመኪና ሰም ቀቢበትና ሂጂ። ከሠርጉ በኋላ ቀለም ቀቢ ጋር ወስደሽ ባለ ማጠንከሪያውን ትራንስፓረንት፣ ቀለም የሌለውን ቅብ ማለቴ ነው፣ አስነፊበት። እሱን እቤት አትንፊው። ትነቱ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ የጨርቅ ማስክ አያግደውም።

ጀጎል በር፦ ሰሙን በየጊዜው እንድታድሰው ንገራት። ሰም ታጥቦ ይሄዳል።

ባትላሜራ ሳቢያን፦ አዎ፣ በየወሩ። ትራንስፓረንቱ እስኪነፋ ድረስ።

ገንደ ቆሬ፦ 2000 የለም አሉኝ! 800፣ 1000 እና 1200 ብቻ ነው ያገኘሁት። ኮምፓውንዱን ይዣለሁ። ሱቁም ተዘጋ።

ነምበር ዋን፦ አይዞሽ፣ የአክስቶችሽ እልልታ ደንገጎን ያበራዋል።

ባትላሜራ ሳቢያን፦ 1200ውን ለሁለት ቁረጪው። በግማሹ እንደነገርኩሽ እሺው። ሌላውን ግማሽ እርስ በርሱ በውሃ አፋትገሽ አደንዝዢው፤ ያለቀ ወረቀት እንደ ረቂቅ ቁጥር ይሠራል። በእሱ በጣም ቀስ ብለሽ ጨርሺ። እንደ ፋብሪካ አይሆንም፣ መንገድ ግን ያሳይሻል። ኮምፓውንዱን አንድ ዙር ጨምሪለት።

መልካ ጀብዱ፦ እኔ ሌላ ልለምንሽ። የዚያ መንገድ ነገር ቀልድ አይደለም። ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ከ2,000 ሜትር ከፍታ ወደ 1,200 ገደማ ነው የምትወርጂው። ጨለማ ውስጥ ግመል ከፊትሽ ቢቆም በደህና መብራትም የምታዪው ዘግይተሽ ነው። ምላሹ ምሳ ከሆነ በ10 ሰዓት ተነሺ። 12 ሰዓት ሳይሞላ ደንገጎን ትወርጃለሽ። አክስቶችሽ ቢቆጡ ይቆጡ።

ጀጎል በር፦ ወይም ሐረር እደሩ። ምላሽ ቤት የመጣ እንግዳ ማደሪያ አያጣም።

ገንደ ቆሬ፦ ቀኙ ወላሂ እንደ አዲስ ሆነ! ግድግዳ ላይ አብርቼ አየሁት፣ የብርሃኑ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይታያል። ግራው ዳሩ ላይ ያ ነጭ አለ፣ ገና 1000 ላይ ነኝ። እናቴ ባትሪ ይዛልኛለች። ልቀጥል።

ሰብለ ከዚራ፦ በርቺ! ስትጨርሺ ግራውን ንገሪን፣ የእኔንም እሁድ ልጀምረው ነው።

አሸዋ ሜዳ፦ ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ይሄ ለባጃጅ ይሠራል? የእኔም ደብዝዟል፣ ግን ፕላስቲክ ይሁን መስታወት አላውቅም።

ባትላሜራ ሳቢያን፦ በሳንቲም ቀስ አድርገህ አንኳኳው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ መስታወት ነው፣ ብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነካው። ያኔ የደበዘዘው ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ነው። ድፍን ያለ ድምፅ ከሆነ ፕላስቲክ ነው፣ ለእሷ ያልኩትን አድርግ። ቲነር ግን በፍጹም።