አፕል ቱ ኢ ላይ 560 በ192 አልወጣ አለኝ

የድሮ ኮምፒውተር የምታውቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ተባበሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው አፕል ቱ ኢ አለኝ። 64 ኪሎባይት ሜሞሪ የሚጨምረውን ባለ 80 ዓምድ ካርድ (በአንድ መስመር 80 ፊደል የሚያሳየውን) ሰካሁበት። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይታያል። ግራፊክሱ ግን 280 በ192 ነጥብ (ፒክስል) ላይ ሙጭጭ ብሏል። 560 በ192 የሚባለው ወፍ የለም!

ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ሪቪዥን ቢ፣ ማለትም ሁለተኛው እትም ነው። ሪቪዥን ኤ ቢሆን ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር፣ እሱ ይህን አይችልምና። የካርዱን ሁለት ፒኖች የሚያገናኘው ጃምፐር (ትንሿ መሰኪያ) ግን ቦታው ላይ የለም። ባዶ ፒኖች ብቻ ቆመዋል። ከድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ነቅዬ ብሰካበት ይሠራል? ወይስ ካርዱን ያቃጥልብኛል? ሌላው፣ ከቤዚክ (የፕሮግራም ቋንቋው) 560 በ192ን ለማብራት ፖክ 49246,0 (ሜሞሪ አድራሻ ላይ ቁጥር መጻፊያ ትዕዛዝ) ከማለቴ በፊት 80 ዓምዱን በአድራሻ 49165 መክፈት ግድ ነው? ካርዱ እንደልብ አይገኝም፤ ሳልነካካው ልጠይቅ ብዬ ነው።