የቦዬን ረግረግ ሳንጎዳ መዝናኛ ይሠራል?

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ቦዬ ረግረጉ ዳር የእግር መንገድና የልጆች ሜዳ እንዲሠራ ለቀበሌ ሐሳብ ልናቀርብ ነው፣ ግን ጉማሬውም ወፉም እንዳይሸሽብን ምን እናስገባ?

መልስ፦ ወንድሜ ረግረጉን በአፈር እንዳትሞሉት አደራ! አዌቱ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ቆሻሻችንን ተሸክሞ ነው የሚወርደው፣ ደለሉን የሚያስቀረው እዛ ያለው ሳርና ደንገል ነው፣ ውሃው ከዛ ወደ ግልገል ጊቤ ነው የሚሄደው። ሜዳውን ደረቁ መሬት ላይ አድርጉት።

መልስ፦ ረግረጉን የሚጎዱትን የባሕር ዛፉንና የጡብ አፈር ቁፋሮውንም ሐሳቡ ላይ ጻፉ። ከብት የሚያሰማሩትን አባቶች ግን ሳታማክሩ አጥር እንዳታስቡ፣ ኑሯቸው ነው።

መልስ፦ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ማታ ስለሆነ መንገዱ ሳይመሽ ይዘጋ፣ ልጆች አሉ።

ጠያቂው፦ ተባረኩ፣ አባቶችን እሁድ እናናግራለን።